መንሹን ያነሳህ ዕለት

ውድ ኪሮስ፣

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ገብሱ ታጨደ፣ ተከመረ፣ ተወቃ። ዛሬ ሥራው እጄን ሲለቀኝ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። አትሳቅ። አዎ፣ ለመሠረተ ትምህርት ስወጣ «አንቺ ደግሞ ፊደል ቆጥረሽ ለማን ልትጽፊ ነው?» እያልክ የምታሾፍባት ሚስትህ ለተብርሃን ነኝ። ለማን እንደምጽፍ ይኸው ታወቀ።

ሐሳቤስ በአገውኛችን ልጽፍልህ ነበር። ስንኳረፍም ስንታረቅም በአማርኛ አልነበረምና በገበያ ቋንቋ ሆድን መክፈት ይተናነቃል። ግን አስተማሪያችን ያስቆጠረን በአማርኛ ነው፤ እጄም የለመደው እሱን ነው። የጎደለ ፊደል ካገኘህ እንደ ወትሮህ አሹፈህ እለፈው።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የምሥራቁ ግድግዳ በነሐሴ ዝናብ ሆዱን ነፍቶ ሊወድቅ ሲል ወንድምህ ሐጎስ መጥቶ በድንጋይ ደገፈው። መሬቱንም የእኩል የሚያርስልኝ እሱ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን እንዳንተ አያወራም። ሞፈሩን ያስቀምጣል፣ ጠላውን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ቀዩ በሬ ባለፈው በጋ ሞተ። ጥቁሩ ከሐጎስ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ በረት ሲገባ ግን እስከ ዛሬ የቀዩን ቦታ ትቶ ከዳር ነው የሚተኛው። እኔም ከእሱ አልሻልም፤ ከመደቡ ያንተን ወገን አልነካሁትም።

ሰው ወደ ቤታችን አይመጣም። ይህን ሸሽጌ ሌላውን ብነግርህ ደብዳቤው ደብዳቤ አይሆንም። ከአጥራችን ማዶ ያለችው ዘነቡ፣ በቀን ሁለቴ እሳት ልትጭር ትመጣ የነበረችው፣ አሁን እሳቷን ታች ሰፈር ድረስ ወርዳ ትጭራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ እግሯ ግን አይቆምም። ሰቆጣ ገበያ ስሄድ ጨው የምንገዛቸው ሐጂ ሰይድ ብቻ ያነሱሃል። «ያ ሳቂታ ሰው» ይሉሃል፣ ከጨውም ቆንጠር አድርገው ይጨምሩልኛል። እኔም ስላንተ ከሰው አፍ ለመስማት ስል ጨው ሳያልቅብኝ እሄዳለሁ።

አውድማችን ደግሞ ስም ወጣለት። «የሄሊኮፕተሩ አውድማ» ይሉታል። ድሮ አብረውን ይወቁ የነበሩት ጎረቤቶች ታች ሌላ አውድማ ለቅልቀዋል። እዚህ የቀረነው እኔና ርግቦቹ ነን።

ርግቦቹን ታስታውሳለህ? በተጋባን በመጀመሪያው ምርት ነፋስ ጠፍቶብን ከአውድማው ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ እኔ ጣቴን በምራቄ አርሼ ወደ ሰማይ ብቀስር ሳቅክብኝ። «ርግቦቹን እያቸው፤ ፍሬ ሊለቅሙ ሲወርዱ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ሳያዞሩ አያርፉም» አልከኝ። ሙሽራ ነበርኩና ስለ ወፍ የሚያወራ ባል እንደ ደረሰኝ ገርሞኝ አየሁህ። ከዚያ ወዲህ ባየኋቸው ቁጥር እንዳልከው ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልሂድ።

ከሰንበት ጀምሮ ነፋስ የሚባል አልነበረም። በሬዎቹ ካበራዩት ገብስ ገለባውን ጣት ባለው መንሽ አንስተህ ዳር ላይ ከምረኸዋል፤ መንሹም ሥራውን ጨርሶ ክምሩ ላይ ተሰክቷል። የቀረህ ፍሬውን ከእብቁ መለየት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው አካፋ መሳዩ ላይዳ ነው። ላይዳህን ጉልበትህ ላይ አጋድመህ እንደ ቆሎ ተማሪ ነፋስ ስትለምን ዋልክ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የማታውቀው ሆኖ አይደለም፤ ኋላ ስለምፈልገው ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከተራራው በኩል መጣልህ። ገና ጥቂት ላይዳ እንዳናፈስክ ሄሊኮፕተሩ ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ ጽጽቃ ሲመጣ ተሰማ። የሰማይ ድምፅ ሲሰማ አገሩ ወደ ገደል እንደሚሮጥ ታውቃለህ፤ ማን ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሁሉም ሮጠ። እኔም ከእርከኑ ካብ ኋላ ተደፍቼ ተጣራሁ። «ስንት ቀን የለመንኩትን ነፋስ ጥዬ የት ልሂድ?» አልከኝ። ግትር!

ገና ከራሳችን በላይ ሳይደርስ ድምፁ ተለወጠ። ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ደጋግሞ ትን አለውና ሞተሩ ጭራሽ ዝም አለ። የሚሰማው የክንፉ ፉጨት ብቻ ሆነ። ሰማይ ላይ ያለ ነገር ዝም ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ነፋሱ ከኋላው እየገፋው በላያችን አልፎ ቁልቁል ወደ ገደሉ ሄደ፤ አለቀላቸው ስል ድንገት ዞሮ ፊቱን ወደ እኛ፣ ወደ ነፋሱ መለሰ። ከአውድማው በታች የታጨደው ማሳ ላይ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተቀመጠ። የጭራው ጫፍ ብቻ ከእርከኑ ድንጋይ ተጋጭቶ ታጠፈ። የክንፉ ነፋስ ግን ወደ አውድማው ወጥቶ የለየኸውን ፍሬና እብቅ መልሶ ደባለቀው፣ ከፊሉንም ሜዳ ላይ በተነው። የዓመት ቀለባችን ነበር፤ ከዶሮዎቹ ጋር እየተሻማሁ ስለቅም ከረምኩ።

ሁለት ሰዎች ወጡ፤ አንድ ወጣት የመቶ አለቃ፣ እሱ አብራሪው ነው፣ እና መካኒኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የመቶ አለቃው እየተንገዳገደ ወደ አንተ ሲመጣ እጅህን ዘርግተህ አቆምከው፤ «ጌታዬ፣ አውድማ ነው፤ ጫማ ይውለቅ!» አልከው። ከሞት አፍ የወጣ ሰው እንዲያ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። ቁጭ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥታ ነበር። እኔ ካቡ ኋላ ሆኜ ልቤ ሳይመለስልኝ ሳቄ መጣ።

የሮጠው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ሲመለስ የመቶ አለቃው በሁሉም ፊት ትከሻህን ሳመ። ሞተሩ ጉልበት እንደ ከዳው፣ ለማረፍ ፊቱን ወደ ነፋስ ማዞር እንደነበረበት፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ግን ግራ ገብቶት ሳለ ያንተን ገለባ እንዳየ ተናገረ። «ይህ ሰው ባይኖር ገደል ነበርን» አለ። አንተ ራስህን እያከክ «እኔ ገብሴን ነው የማናፍሰው» አልክ። አውድማ የደረሰ ሰው ባዶ እጁን አይመለስምና ከተደባለቀው ክምር በሁለት እጅህ አፍሰህ ባርኔጣው ውስጥ ጨመርክለት። እብቁ ሳይለይ መስጠትህ አሳፍሮህ «ነፋሱ የእናንተው ነው፤ እናንተ አጥሩት» ብለህ አሳቅከን። በባዶ እግሩ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ተቀበለህ።

ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ምስጋናው ግን አንተን ገደለህ።

ወታደሮች መጥተው ሄሊኮፕተሩን ጠበቁ፤ ሌላ መጥቶ ሠራው፤ ከዚያ ተነስቶ ሄደ። የቀረው ወሬው ነው። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ አቆመህና «ለአብዮቱ አየር ኃይል ምልክት ያሳየ ንቁ ገበሬ» ብሎ አስጨበጨበልህ። አንተ «ገብሴን ነበር የማናፍሰው» አልክ፤ ትሕትና መስሏቸው ጨምረው አጨበጨቡ። ወታደሮቹ በሄዱ በሰሞኑ ደግሞ መንግሥትን የሚወጉት የዚያኛው ወገን ሰዎች ጠመንጃ ይዘው መጡ። ጭብጨባውን እነሱም ሰምተውት ነበር። «ለአውሮፕላን ምልክት ትሰጣለህ አሉ» ብለው ወደ ኒሯቅ በኩል፣ ወደ ቆላው ይዘውህ ወረዱ። እዚያም ያንኑ ቃል ነው የነገርካቸው።

እንደ እውነቱ አልመቱህም፤ ጠይቀው ጠይቀው ሲሰለቻቸው ለቀቁህ። ግን የደጋ ሰው ነህና የቆላው ወባ አብሮህ መጣ። ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቆመህ «ለተ፣ በልቼ ነው የመጣሁት፣ አትድከሚ» ያልከኝ ጊዜ ከንፈርህ ደርቆ ጥርስህ ይንቀጫቀጭ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሄድክ።

ለቅሶህ ቀዝቃዛ ነበር። ልደብቅህ አልችልም። የመንግሥት ሰው ነው ያሉህ እነዚያን ፈርተው ቀሩ፤ በረሃ ደርሶ መጣ ያሉህ መንግሥትን ፈርተው ቀሩ። ቄሱ፣ ሐጎስ፣ ሐጂ ሰይድ፣ ጥቂት ዘመድ፤ ይኸው ነው። ዘነቡ ከአጥሩ ማዶ ሆና ስታለቅስ ሰምቻታለሁ፤ አጥሩን ግን አልተሻገረችም።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። ከካቡ ኋላ ፊቴን መሬት ላይ የደፋሁ መስሎህ ነበር። ቀና ብዬ አይቼሃለሁ። ሞተሩ ዝም ሲል ወደ ላይ አየህ፣ ከዚያም ላይዳውን ወረወርከው። ሮጠህ ከክምሩ ላይ መንሹን ነቀልክና አንዲት ፍሬ የሌለበትን ባዶ ገለባ ባለህ ጉልበት ወደ ሰማይ መበተን ጀመርክ። እንዲያ ከፍ አድርገህ ስትወረውር አይቼህ አላውቅም። ገብስ የሚያናፍስ ሰው ላይዳውን ጥሎ መንሽ አያነሳም፤ ከገበሬ ቤት የተወለደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ደግነቱ ሁሉም ሮጦ ስለነበር ያየሁህ እኔ ብቻ ነኝ። ርግቦቹን አስበህ ነው። ከላይ ያለውም ፊቱን ወደ ነፋስ ካላዞረ እንደማያርፍ ገብቶህ ነው።

ስለዚህ ያሉህ ሁሉ እውነት ነበር። ምልክት ሰጥተሃል። ሊቀመንበሩም እነዚያም ያልገባቸው፣ የሰጠኸው ለወገን ሳይሆን ለሚወድቅ ሰው መሆኑ ነው። ያውም ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ቦምብ ይዞ ይሁን ዱቄት ይዞ ሳታውቅ።

ለእኔም አልነገርከኝም። ወባው ሲያንቀጠቅጥህ እንኳ «ገብሴን ነበር» ትል ነበር። እኔም አልጠየቅሁህም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ከአንተ ጋር ቆየሁ፣ ያለ አንተም ይዤው ቀረሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትል የለ? ሞኟም ወረቀቱም ይኸው አሁን አንድ ላይ ተቀምጠናል።

ተናድጄብህ አውቃለሁ። ስሙን ለማታውቀው ሰው መንሽ ስታነሳ ከካቡ ኋላ ሚስት እንዳለችህ ትዝ አላለህም ወይ እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። ከዚያ ደግሞ ያ ልጅ ገደል ሲገባ ዝም ብለህ ያየህ ብትሆን ኖሮ ምን ዓይነት ባል ይኖረኝ ነበር እላለሁና ንዴቱ ይጠፋኛል። የሚከብደኝ ሌላ ነው። በሕይወትህ የሠራኸውን ትልቁን ነገር የማወራለት ሰው የለኝም። አዎ ሆን ብሎ ነው ብል የወሰዱህ ሰዎች ልክ ነበሩ ይባላል፤ ሐጎስም እኔም መከራ እናያለን። ገብሱን ነበር ብል ደግሞ ደግነትህን ሁለተኛ እቀብረዋለሁ። ሦስት ዓመት ቀበርኩት። ከወባው ይልቅ ይህ ነው ብቻዬን ያስቀረኝ።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርህና ልተውህ።

ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ወጣ፤ ገብሱ ጥቂት ነው። ሐጎስ አበራይቶልኝ ወደ ራሱ ምርት ሄደ። ማናፈሱን ራሴ ያዝኩት። ሴት ላይዳ ይዛ ሲያዩ ሰዎች ከታችኛው አውድማ እየተጠቋቆሙ ነበር፤ ይጠቋቆሙ። ነፋሱም አላሳፈረኝም፣ ከምሥራቅ መጣ። ፍሬው ጠርቶ ሊያልቅ ሲል ከሰቆጣ በኩል ያ ድምፅ ተሰማ።

የታችኛው አውድማ ሰው ሁሉ ወደ ገደል ሮጠ። የእኔም እግር ሊሮጥ ነበር። ድምፁን ስሰማው ሳሳ ያለ መሰለኝ፤ ልቤ ነው መሰል። ምናልባት ያ ካልሲው የተቀደደው ልጅ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ እሱ ባይሆንስ አልኩ። ላይዳውን ጥዬ ያንተን መንሽ ነቀልኩ። ገለባውን ወደ ላይ በተንኩት፤ ግማሹ ፀጉሬ ላይ ተመለሰ፣ እንዳንተ ከፍ አይልልኝም። ሄሊኮፕተሩ ምንም አልሆነም። በላዬ አልፎ ወደ ጽጽቃ ሄደ። ከገደሉ ማዶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ግን አላቆምኩም።

ዞር ስል ዘነቡ ካቡ ኋላ ተደፍታ፣ ልክ እኔ ያን ቀን እንደነበርኩት፣ ቀና ብላ ታየኛለች። ገደሉ ርቋት እዚያው ተጠግታ ነበር። ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። ይሄኔ ትሄዳለች ስል ወደ አውድማው መጣች። ከዳሩ ስትደርስ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀች። «ያበርክትልሽ» አለች። እዚህ አውድማ ላይ ይህን ቃል ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ «አሜን» አልኳት።

የጠራውን ፍሬ አየች። የተጣለውን ላይዳ አየች። ከዚያ በእጄ የያዝኩትን መንሽ ብዙ አየችው። የገበሬ ልጅ ናት፤ ምን እንዳየች ታውቃለች። «ያኔም እንዲህ ነበር?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ኪሮስ፣ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «እሱ ገብሱን ነበር የሚያናፍሰው» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እንግዲህ አንቺም ገብስሽን ነው የምታናፍሽው» አለች። እንደወጉ በሁለት እጄ አፍሼ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ጨመርኩላት፤ ጎንበስ ብላ ተቀብላ ሄደች። በማግስቱ እሳት ልትጭር ትመጣ ይሆናል ብዬ ፍሙን አዳፍኜ ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ። አልመጣችም። ዛሬም አልመጣችም። ፍሙን ግን አሁንም አላጠፋሁትም።

ናፍቀኸኛል። ይህን በየትኛውም ቋንቋ ብጽፈው ያው ነው።

ካንተ ውጪ ለሌላ የማልገባውን ቃል ልግባልህ። ይህ አውድማ ስሙ ምንም ይሁን፣ እኔ እስካለሁ ዳዋ አይለብስም። መንሽህን ለሐጎስም አላውስም። የሰማይ ድምፅ በሳሳ ቁጥር፣ ገብስ ኖረም አልኖረም፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ የሚያሳይ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ከላይ የሚመጣው የማን ወገን እንደሆነ ካረፈ በኋላ ይጠየቃል። እሱም ጫማውን ካወለቀ በኋላ።

ያንተው ለተ